ከጓዲያና ወንዝ እስከ ዐባይ ዳር፦ የአሠልጣኝ ማኑኤል ዦዜ የሥራ ጉዞ

ቡድን ሲያሸንፍ በተመልካች ትከሻ ላይ የሚወጣው ግብ ያገባው ተጫዋች ነው፤ ሲሸነፍ ግን ሻንጣውን እንዲያሰናዳ የሚነገረው አሠልጣኙ ነው። ይህ በየትኛውም ክፍለ ዓለም የሚሠራ ያልተጻፈ የእግር ኳስ ሕግ ነው። አሠልጣኙ ከውጭ አገር የመጣ ሲሆን ደግሞ ሕጉ ይጠነክራል። ቋንቋውን አያውቅም፤ ዘመድ ወገን የለውም፤ ቢያሸንፍ «ለገንዘቡ ነው» ይባላል፤ ቢሸነፍም የሚያዝንለት አይገኝም። በዚህም ምክንያት በሰው አገር ሄዶ ዓመት ሳይሞላው የተመለሰው አሠልጣኝ ቍጥሩ የበዛ ነው። በአንድ ክለብ ውስጥ ዓመታት ቈጥሮ፣ የሕዝቡን ፍቅር አትርፎ፣ በክፉም በደጉም ቀን አብሮ የታየው ግን ጥቂት ነው።

ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ፖርቱጋላዊው ማኑኤል ዦዜ ናቸው። እኒህ ሰው የካይሮውን አል አህሊ ክለብ በሦስት የተለያዩ ጊዜያት አሠልጥነው 20 ዋንጫዎችን አስገኝተውለታል። ይሁንና ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የዋንጫው ብዛት ብቻ አይደለም። በአገራቸው ሳሉ በተጫዋችነት ያን ያህል ስም ያላተረፉ፣ ቀጥሎም ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ የኖሩ አሠልጣኝ፣ ዕድሜያቸው 55 ሲደርስ በባዕድ አገር እንዴት ለዚህ ክብር ሊበቁ ቻሉ? የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱም ስለ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ቡድን በምን እንደሚገነባ የሚያስተምር ሆኖ አግኝተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

የድንበር ከተማው ልጅ

ማኑኤል ዦዜ የተወለዱት ኤፕሪል 9 ቀን 1946 በፖርቱጋል ደቡባዊ ጫፍ፣ አልጋርቬ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ቪላ ሪያል ዴ ሳንቶ አንቶኒዮ በተባለች ከተማ ነው። ከተማዋ ጓዲያና የተባለው ወንዝ ከውቅያኖስ ጋር በሚቀላቀልበት ሥፍራ ላይ የተቈረቈረች ስትሆን፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት የስፔን ነው። ነዋሪዎቿ ለብዙ ዘመን የኖሩት ዓሣ በማጥመድና የተያዘውንም ዓሣ በቆርቆሮ እያሸጉ ለገበያ በማቅረብ ነበር።

በዚያ ዘመን ኳስ ለሚወድ የፖርቱጋል ወጣት ከሁሉ የበለጠው ምኞት የሊዝበኑን የቤንፊካን ቀይ መለያ መልበስ ነበር። ቤንፊካ በ1961 እና በ1962 በተከታታይ የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ ያገኘ ክለብ ነው። ከሞዛምቢክ የመጡት ማርዮ ኮሉናና ኤውዜቢዮ የክለቡ ምሶሶዎች ነበሩ። ማኑኤል ዦዜም በቤንፊካ የወጣቶች ቡድን ውስጥ የመሠልጠን ዕድል ገጥሟቸዋል። ነገር ግን በዋናው ቡድን ውስጥ፣ ያውም በአማካይ ሥፍራ፣ ከእነኮሉና መካከል ገብቶ ቋሚ ቦታ ማግኘት ለማንም ወጣት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ የጨዋታ ዘመናቸውን ያሳለፉት ኮቪልያን፣ ቤሌኔንሴሽንና ኤስፒንሆን በመሳሰሉ ክለቦች ነው።

ይህ የተጫዋችነት ዘመን በታሪክ መጽሐፍ የሚጻፍ ባይሆንም ከንቱ አልነበረም። በትንሽ ክለብ የሚጫወት ሰው ደመወዝ የሚዘገይበትን ወር ያውቃል፤ በጭቃ ሜዳ ላይ መሮጥን ያውቃል፤ ከተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ መጠበቅ ምን እንደሆነም ያውቃል። ገና ከጅምሩ በኮከብነት የኖረ ሰው እነዚህን ነገሮች የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው። ማኑኤል ዦዜ ጫማቸውን ሰቅለው የማሠልጠኑን ሥራ የጀመሩት በዚያው በኤስፒንሆ ነበር።

ሰባት ለአንድ

በአገራቸው ውስጥ በአሠልጣኝነት ስማቸው መነሣት የጀመረው በትውልድ ክፍለ ሀገራቸው በሚገኘው በፖርቲሞኔንሴ ክለብ ነው። ይህ አነስተኛ ክለብ በ1984/85 የውድድር ዘመን በእርሳቸው መሪነት በአምስተኛነት ጨርሶ፣ በአውሮፓ መድረክ ለመሰለፍ በቃ። ወዲያውም ታላቁ የሊዝበን ክለብ ስፖርቲንግ ጠራቸው።

በስፖርቲንግ ያጋጠማቸው ነገር የአሠልጣኝነትን ጠባይ ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዲሴምበር 14 ቀን 1986 ስፖርቲንግ ዘላለማዊ ተቀናቃኙን ቤንፊካን 7 ለ 1 አሸነፈ። አጥቂው ማኑኤል ፌርናንዴሽ ብቻውን አራት ግቦች አስቈጠረ። የስፖርቲንግ ደጋፊዎች ይህን ቀን ከልጅ ለልጅ ሲያወርሱት ኖረዋል። አንባቢ ከዚህ በኋላ አሠልጣኙ ሐውልት እንደቆመላቸው ይገምት ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ማኑኤል ዦዜ ከሥራቸው ተሰናበቱ። በዚያ የውድድር ዘመን መጨረሻም የሊጉንም ሆነ የፖርቱጋልን ዋንጫ የወሰደው ያ ሰባት ግብ የገባበት ቤንፊካ ነበር። በትልቅ ክለብ ውስጥ የአንድ ቀን ክብር የአንድ ወር ትዕግሥት እንኳ እንደማይገዛ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የተሻለ ጊዜ ያገኙት በፖርቶ ከተማ በሚገኘው በቦአቪሽታ ክለብ ከ1991 እስከ 1996 በቈዩበት ዘመን ነው። ቦአቪሽታ በሀብትም ሆነ በደጋፊ ብዛት ከሦስቱ ታላላቅ ክለቦች፣ ከቤንፊካ፣ ከስፖርቲንግና ከፖርቶ ጋር የሚስተካከል አልነበረም። ሆኖም በ1991 በአውሮፓ ውድድር የዋንጫውን ባለቤት የጣሊያኑን ኢንተር ሚላንን ከመጀመሪያው ዙር አሰናበተ። በ1992 በፖርቱጋል ዋንጫ ፍጻሜ የከተማውን ታላቅ ክለብ ፖርቶን 2 ለ 1 ረታ። በ1993/94ም የጣሊያኑን ላትሲዮን አስወጥቶ እስከ አውሮፓ ሩብ ፍጻሜ ድረስ ዘለቀ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሁሉ የተገኘው አምስት ዓመት በተሰጣቸው ክለብ ውስጥ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የወጣትነታቸው ምኞት የነበረው ቤንፊካ በ1997 መጀመሪያ ላይ በአሠልጣኝነት ጠራቸው። ዕድል ግን አልቀናቸውም። በዚያው ዓመት በፖርቱጋል ዋንጫ ፍጻሜ ቤንፊካ 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ያሸነፈውም እርሳቸው ራሳቸው የገነቡት ቦአቪሽታ ነበር። ዓመቱ ሳይገባደድ ከሥራቸው ተነሡ። በመጨረሻም ዩኒያዎ ዴ ሌይሪያ የተባለውን መጠነኛ ክለብ በ2000/01 እስከ አምስተኛ ደረጃ አደረሱ። ሥፍራውን ለቀው ሲወጡ የተተኩት ገና ስሙ ብዙም ባልታወቀ አንድ ወጣት አሠልጣኝ ነበር፤ ስሙም ዦዜ ሞሪንሆ ይባላል። ወጣቱ ወደ ዓለም ዝና ሲያቀና፣ አንጋፋው ደግሞ ወደ አፍሪካ ጉዞ ጀመሩ።

ወደ ካይሮ

አል አህሊ በ1907 የተመሠረተ ክለብ ሲሆን ስሙም በዐረብኛ «ብሔራዊ» ማለት ነው። በካይሮ ከተማ ከተቀናቃኙ ከዛማሌክ ጋር የሚያደርገው ግጥሚያ አገሩን ለሁለት የሚከፍል ነው። ማኑኤል ዦዜ በ2001 ሲደርሱ ክለቡ ቀደም ሲል ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ይዞት የነበረውን የሊግ ሻምፒዮንነት ለዛማሌክ አስረክቦ ነበር። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫም ከ1987 ወዲህ አላየውም። ደጋፊው ተርቦ፣ ጋዜጦቹም ብዕራቸውን ስለው በሚጠብቁበት ሰዓት ነው ሰውየው የደረሱት።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው ገና በገቡ ሰሞን ነው። በኦገስት 2001 ታላቁ የስፔን ክለብ ሪያል ማድሪድ ለወዳጅነት ግጥሚያ ካይሮ መጥቶ 1 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። የወዳጅነት ግጥሚያ ቢሆንም የደጋፊውን ልብ ለመክፈት በቂ ነበር። ዋናው ፈተና የመጣው በዲሴምበር ነው። በአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ አህሊ ከደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ጋር በፕሪቶሪያ 1 ለ 1 ከተለያየ በኋላ በካይሮ 3 ለ 0 አሸነፈ። ሦስቱንም ግቦች ያስቈጠረው ካሊድ ቤቦ ነው። ለአሥራ አራት ዓመት የጠፋው ዋንጫ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሜይ 2002 መጀመሪያ ላይ ክለቡን ለብዙ ዘመን በፕሬዚዳንትነት የመሩት፣ በተጫዋችነታቸውም ሆነ በፊልም ተዋናይነታቸው በግብፅ የተወደዱት ሳሌህ ሰሊም ዐረፉ። ክለቡ ሐዘን ላይ ሳለ ከዐሥር ቀን በኋላ ከዛማሌክ ጋር ተጋጠመ፤ ውጤቱም 6 ለ 1 ሆነ። ካሊድ ቤቦ አራቱን አገባ። በሊዝበን 7 ለ 1 ያዩት አሠልጣኝ በካይሮ 6 ለ 1 አዩ። ሆኖም የዚያን ዓመት የሊግ ዋንጫ የወሰደው ኢስማኢሊ ነበር፤ ማኑኤል ዦዜም በ2002 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እርሳቸው በሌሉባቸው ጊዜያት የክለቡ ሁኔታ ምን ይመስል እንደነበር መመልከት ያስፈልጋል። አሠልጣኞች ተለዋወጡ። በ2003ም በ2004ም የሊጉ ዋንጫ ወደ ዛማሌክ ሄደ። «አህሊን የመሰለ ባለሀብትና ባለደጋፊ ክለብ ይዞ ማንም ሰው ያሸንፋል» ለሚሉ ተቺዎች መልሱ እዚሁ ላይ ይገኛል። ሀብቱም ደጋፊውም በነበረበት ነበር፤ ዋንጫው ግን አልነበረም። የክለቡ አመራር ይህን ተረድቶ በ2003/04 የውድድር ዘመን አጋማሽ ላይ ፖርቱጋላዊውን መልሶ አስመጣ።

ቡድኑ እንዴት ተሠራ

ማኑኤል ዦዜ ሁለተኛውን ዘመናቸውን የጀመሩት ሰው በመምረጥ ነው። በዚያው ወራት ከካይሮው ተርሳና ክለብ አንድ የ25 ዓመት አማካይ ወደ አህሊ መጣ። በኳስ ዓለም በዚያ ዕድሜ ገና ያልታወቀ ሰው «ጊዜው አልፎበታል» ይባላል። ይህ ሰው መሐመድ አቡትሪካ ነበር። ከእርሱ ጎን በፍጥነቱና በማይደክም ጕልበቱ የታወቀው መሐመድ በረካት ተሰለፈ። ከኋላ ዋኤል ጎማ፣ ከበሩ ላይ ዒሳም ኤል ሐድሪ፣ ከፊት ወጣቱ ዒማድ ሙተዓብ ነበሩ። ከአንጎላ ደግሞ ሁለት የሉዋንዳው ፔትሮ አትሌቲኮ ልጆች ተጨመሩ፤ በግራ መሥመር ጂልቤርቶ፣ በአጥቂነት ፍላቪዮ።

የአጨዋወቱ ስልት ሲታይ ሦስት ተከላካዮችን ከኋላ አስቀምጦ በሁለቱ መሥመሮች የሚሮጡትን ልጆች እንደ ክንፍ የሚጠቀም ነበር። ኳሱ ሲነጠቅ የመሥመር ተጫዋቾቹ ወርደው የተከላካዩን ቍጥር አምስት ያደርሱታል፤ ኳሱ ሲገኝ ደግሞ ወጥተው ለአጥቂዎቹ ያቀብላሉ። አቡትሪካ በአማካዩና በአጥቂው መካከል በነፃነት እንዲዘዋወር ተፈቅዶለታል። ይህ ስልት በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በሜዳ ላይ የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የባልደረባውን ዐይን አይቶ ሐሳቡን ማወቅ ሲችል ነው። ያ ደግሞ በአንድ ወር ልምምድ የሚገኝ አይደለም።

የፍላቪዮ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ አጥቂ በ2005 ወደ ካይሮ ሲመጣ ግብ ማግባት ጠፋበት። ተመልካቹ አጕረመረመ፤ ጋዜጦች «ይህ ሰው ለምን ይሰለፋል?» እያሉ ጠየቁ። አሠልጣኙ ግን ከማሰለፍ አልተቈጠቡም። ፍላቪዮም በ2006 የዓለም ዋንጫ በኢራን ላይ የአንጎላን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ግብ አስቈጠረ፤ በ2006/07 ደግሞ በ17 ግቦች የግብፅ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያ ትዕግሥት ባይኖር ኖሮ አህሊ አጥቂውን፣ አጥቂውም ራሱን ባጣ ነበር። አሠልጣኙ በስፖርቲንግና በቤንፊካ ለራሳቸው ያላገኙትን ጊዜ ለተጫዋቻቸው ሰጡ ለማለት እንደፍራለን።

ስለ ጠባያቸው ስንጽፍ ግን ውዳሴ ብቻ አናበዛም። ማኑኤል ዦዜ ቍጣ የሚቀድማቸው ሰው ነበሩ። ከዳኞችም፣ ከጋዜጠኞችም፣ ከእግር ኳስ ፌዴሬሽኑም ጋር በየጊዜው ተጋጭተዋል። በልምምድ ላይ ለዝነኛውም ለጀማሪውም የሚሠራው ደንብ አንድ ነበር። በ2008 መጀመሪያ ላይ በረኛው ኤል ሐድሪ ክለቡ ሳይፈቅድለት ወደ ስዊዘርላንድ ክለብ በሄደ ጊዜ፣ ምንም እንኳ ከአፍሪካ አንደኛ የሚባል በረኛ ቢሆን፣ በአሠልጣኙ ዘንድ ደንቡ አልተለወጠለትም።

የድልና የሐዘን ዓመታት

በ2004/05 አህሊ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። ከዚያ በኋላ እስከ 2008/09 ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በ2005 በአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ የቱኒዚያውን ኤቷል ዱ ሳሄልን በሱስ ከተማ ባዶ ለባዶ ተለያይቶ በካይሮ 3 ለ 0 ረታ። ያለሽንፈት ያደረጋቸው ግጥሚያዎች ተቈጥረው 55 ደረሱ። ይህን ሰንሰለት የበጠሰው በዲሴምበር 2005 በጃፓን በተደረገው የዓለም ክለቦች ዋንጫ የጅዳው አል ኢቲሃድ ሲሆን ውጤቱም 1 ለ 0 ነበር። አህሊ በዚያ ውድድር የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ተመለሰ። አፍሪካን ያንበረከከ ቡድን በዓለም መድረክ ላይ ገና ብዙ እንደሚቀረው ተማረ።

ኦገስት 31 ቀን 2006 ደግሞ ከሽንፈት ሁሉ የከፋ ነገር ደረሰ። የግራ መሥመር ተከላካዩ መሐመድ አብደል ወሃብ በልምምድ ላይ ሳለ ወድቆ ሕይወቱ ዐለፈ። ዕድሜው ገና 22 ነበር። ያን ቡድን ሐዘኑን ይዞ ወደ ሜዳ መመለስ የአሠልጣኙ ሥራ ሆነ።

ኖቬምበር 11 ቀን 2006 በቱኒዚያ ራዴስ ስታዲየም የሆነው በዚህ መንፈስ የታጀበ ነበር። አህሊ በካይሮ ከስፋክሲያን ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ስለነበር፣ በመልሱ ጨዋታ ባዶ ለባዶ ቢሆን ዋንጫው ለቱኒዚያዊው ክለብ ነበር። ዘጠና ደቂቃው አለቀ። ግብ የለም። የስፋክሲያን ደጋፊዎች ደስታቸውን ጀምረው ነበር። በጭማሪው ሰዓት ኳስ ከአየር ላይ ወርዳ ከአቡትሪካ ፊት ደረሰች፤ እርሱም በግራ እግሩ መትቶ ከመረቡ ውስጥ አኖራት። ስታዲየሙ ጸጥ አለ፤ ካይሮ ግን ያን ሌሊት አልተኛችም። ከአንድ ወር በኋላ በጃፓን፣ አምና የመጨረሻ የሆነው ይኸው ቡድን የሜክሲኮውን አሜሪካ ክለብ 2 ለ 1 አሸንፎ የዓለም ሦስተኛ ሆነ። ሁለቱንም ግቦች ያገባው አቡትሪካ ነው።

በ2007 ኤቷል ዱ ሳሄል በካይሮ 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ነጠቀ። በሌላ ክለብ ቢሆን ይህ ሽንፈት የአሠልጣኙ መጨረሻ በሆነ ነበር። አህሊ ግን ሰውየውን አልሸኘም፤ በ2008 የካሜሩኑን ኮቶን ስፖርትን በድምር 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አስመለሰ። በዚህም ማኑኤል ዦዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦችን ዋንጫ ለአራተኛ ጊዜ ያገኙ አሠልጣኝ ሆኑ።

የሥራቸው ፍሬ ከክለቡ አጥር ውጭም ዘልቋል። በ2006፣ በ2008 እና በ2010 በሐሰን ሸሓታ አሠልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ በተከታታይ ላገኘው የግብፅ ብሔራዊ ቡድን አህሊ አያሌ ተጫዋቾችን አበርክቷል። በ2008 በካሜሩን ላይ የፍጻሜውን ብቸኛ ግብ ያገባው አቡትሪካ ነበር።

ቋንቋ ያልበጀበት ሥፍራ

በ2009 ማኑኤል ዦዜ ካይሮን ለቀው የአንጎላን ብሔራዊ ቡድን ያዙ። አንጎላ እስከ 1975 ድረስ በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሥር የነበረች አገር ስትሆን፣ የሥራ ቋንቋዋም ፖርቱጋልኛ ነው። አሠልጣኙ ያለ አስተርጓሚ የሚናገሩበት፣ ፍላቪዮንና ጂልቤርቶን የመሳሰሉ የገዛ ልጆቻቸው የሚገኙበት ቡድን ስለነበረ፣ ሥራው ይቀልላቸዋል ተብሎ ተገምቷል።

ጃኑዋሪ 10 ቀን 2010 በሉዋንዳ የአፍሪካ ዋንጫ መክፈቻ ላይ አንጎላ ማሊን 4 ለ 0 መራች። ጨዋታው ሊያበቃ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ግን ማሊዎች አንድ አገቡ፤ ከዚያም ሁለት፤ በጭማሪው ሰዓትም ሁለት ጨምረው 4 ለ 4 ተለያዩ። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ አጨራረስ እምብዛም አልታየም። አንጎላ ከዚህ በኋላ ራሷን ሰብስባ ምድቧን በአንደኛነት ብትጨርስም፣ በሩብ ፍጻሜው በጋና 1 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች፤ አሠልጣኙም ተለያዩ። በጅዳው አል ኢቲሃድ የነበራቸው ቈይታም አጭር ነበር፤ በ2010 ገብተው በዚያው ዓመት ወጡ።

እንግዲህ እናስተያይ። የቋንቋ አንድነት በነበረበት በሉዋንዳ፣ ገንዘቡ በተትረፈረፈበት በጅዳ፣ ሰውየው ከወራት የዘለለ ጊዜ አላገኙም፤ የካይሮውን የሚመስል ፍሬም አላፈሩም። ቋንቋውን በማያውቁበት በካይሮ ግን ዓመታት ተሰጥቷቸው ታሪክ ሠሩ። አሠልጣኙ በሦስቱም ሥፍራ አንድ ሰው ናቸው። ልዩነቱ ጊዜና እምነት ነው።

ፖርት ሰይድ

በጃኑዋሪ 2011 ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አህሊ ተመለሱ። በዚያው ወር 25ኛ ቀን በግብፅ ሕዝባዊ ዐመፅ ተነሣ፤ ሊጉ ተቋረጠ፤ ወራት ቈይቶ ሲቀጥል አህሊ የ2010/11ን ዋንጫ ወሰደ። ይህ ለማኑኤል ዦዜ ስድስተኛው የግብፅ ሊግ ድል ነበር። ነገር ግን የእኒህን ሰው ማንነት የፈተነው ዋንጫ አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 አህሊ በፖርት ሰይድ ከአል ማስሪ ጋር ተጋጥሞ 3 ለ 1 ተሸነፈ። የፍጻሜው ፊሽካ እንደተነፋ በሺህ የሚቈጠር ሰው ሜዳውን ጥሶ ገባ፤ የአህሊን ተጫዋቾችና ደጋፊዎችም ማሳደድ ያዘ። መውጫው በር ተዘግቶ ስለነበር ብዙዎች በመረጋገጥ፣ ሌሎችም በድብደባ ሞቱ። ከ70 የሚበልጡ ሰዎች በዚያ ምሽት አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ተጫዋቾቹ በሸሹበት የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ስማቸውን እየጠሩ የሚዘምሩላቸው ልጆች ከፊታቸው ነፍሳቸው ስትወጣ አዩ። የ65 ዓመቱ አሠልጣኝም በዚያ ግርግር ውስጥ ተመትተዋል።

አቡትሪካ፣ በረካትና ሙተዓብ ከዚህ በኋላ ኳስ እንደማይነኩ አስታወቁ። ሊጉ ቆመ፤ በኋላም ጨርሶ ተሰረዘ። ማኑኤል ዦዜ ወደ አገራቸው ሄዱ። በዚያ ዕድሜ፣ ያን ሁሉ ዋንጫ ካገኙ በኋላ፣ ከዚያ ምሽት ቀጥሎ ባይመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ተመለሱ። ሊግ የለም፤ ተመልካች የለም፤ ተጫዋቾቹ የሐዘን ልብሳቸውን አላወለቁም። ሥራው ስልት ማስተማር ሳይሆን፣ ሰዎችን ከቤታቸው አውጥቶ እንደገና ኳስ እንዲነኩ ማድረግ ነበር። ሦስቱ አንጋፋዎችም ሐሳባቸውን ቀይረው ወደ ሜዳ ተመለሱ።

የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ በአገራችን መዲና የተፈጸመ መሆኑን አንባቢያን ያስታውሱ ይሆናል። አህሊ ከዚያ እልቂት በኋላ ወደ አፍሪካ ውድድር ሲመለስ የገጠመው የእኛን ኢትዮጵያ ቡናን ነው። በማርች 2012 በአዲስ አበባ በተደረገው ግጥሚያ ሁለቱ ቡድኖች ባዶ ለባዶ ተለያዩ። የቡና ልጆች የአፍሪካን ባለ ብዙ ዋንጫ ክለብ በሜዳቸው አንድ ግብ እንኳ ሳያስገቡት ሸኙት። በካይሮው መልስ ጨዋታ ግን አህሊ 3 ለ 0 አሸንፎ ዐለፈ። በቀጣዩ ዙር በማሊው ስታድ ማሊየን ባማኮ ላይ 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ በካይሮ አቡትሪካ ሦስት ግቦች አግብቶ 3 ለ 1 ረታ። ኳስ በቃኝ ያለው ሰው ነበር ቡድኑን ያሻገረው።

ማኑኤል ዦዜ ከዚህ በኋላ ቡድኑን አስረክበው ተሰናበቱ። የተረከቧቸው ለረጅም ጊዜ ረዳታቸው የነበሩት ግብፃዊው ሁሳም ኤል በድሪ ናቸው። በኖቬምበር 2012 አህሊ በዚያው በራዴስ ስታዲየም የቱኒዚያውን ኤስፔራንስን 2 ለ 1 አሸንፎ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው በማኑኤል ዦዜ ስም አልተመዘገበም። ቡድኑን ከሐዘን አልጋው ያስነሡት ግን እርሳቸው እንደሆኑ፣ ዋንጫውን ያነሣውም ያስተማሩት ረዳት እንደሆነ የሚዘነጋ አይደለም። አሠልጣኝ ከሄደ በኋላ የሚቀጥል ሥራ ትቶ ከሄደ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያሻውም። እርሳቸው ራሳቸው በዚያው ዓመት የቴህራኑን ፐርሴፖሊስን ይዘው ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተለያዩ።

ማጠቃለያ

የማኑኤል ዦዜ የአህሊ ሒሳብ ሲጠቃለል አራት የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ፣ አራት የአፍሪካ ሱፐር ዋንጫ፣ ስድስት የግብፅ ሊግ፣ ሁለት የግብፅ ዋንጫና አራት የግብፅ ሱፐር ዋንጫ ይሆናል። ይህ ቍጥር ታላቅ ነው። ነገር ግን ከቍጥሩ በስተጀርባ ያለውን ያላየ ሰው ትምህርቱን አያገኘውም።

ይኸው ሰው በሊዝበን ሰባት ግብ አስገብተው በሳምንታት ውስጥ ተባረዋል። ይኸው ሰው በካይሮ በገዛ ሜዳቸው የፍጻሜ ዋንጫ ተነጥቀው በሥራቸው ቀጥለዋል፤ በዓመቱም ዋንጫውን መልሰዋል። በሁለቱ መካከል የዕውቀት ልዩነት የለም። ልዩነቱ አንዱ ክለብ ውጤትን በቀን ሲቈጥር፣ ሌላው በዓመት መቍጠሩ ነው። አሠልጣኙም በበኩላቸው የተሰጣቸውን ጊዜ አልበሉትም፤ ግብ ለጠፋበት አጥቂ፣ ዕድሜው ገፍቷል ለተባለ አማካይ፣ ከጎናቸው ለሚቀመጥ ረዳት አከፋፈሉት። ክፉ ቀን ሲመጣም ውለታውን በመመለስ ከፈሉ።

በየከተማችን፣ በየቀበሌያችን ሜዳ ላይ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ብዙ ሰዎች አሉ። አንድ ግጥሚያ ሲሸነፉ «ይነሣ!» የሚል ድምፅ ከዳር ይሰማቸዋል። ያን ድምፅ የሚያሰሙ ሁሉ ከዚህ ፖርቱጋላዊ ታሪክ አንድ ነገር ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለናል፤ ዛፍ በተተከለ ማግስት ፍሬው አይለቀምም፤ ሥር መስደዱን ለማየትም ተብሎ በየጧቱ አይነቀልም።